ከሮም እስከ ኩማ፦ የሲቢላን ሥዕል ተከትዬ

ሰኞ፣ ሮም

ለዚህ ጉዞ ምክንያት የሆነኝ አንድ ሥዕል ነው። የቦሎኛው ሰዓሊ ዶሜኒኪኖ በ1617 ገደማ በዘይት ቀለም የሳላት የኩማዋ ሲቢላ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሲቢላዎች በጥንቱ የግሪክና የሮም ዓለም መጪውን ይናገራሉ ተብለው የሚታመኑ ሴት ነቢያት ናቸው። የፋርሷ አለች፣ የሊቢያዋ አለች፣ የዴልፊዋም አለች። ከሁሉ ይልቅ ስሟ የገነነው ግን ኔፕልስ አጠገብ፣ ኩማ በሚባል ቦታ፣ ዋሻ ውስጥ ትኖር ነበር የምትባለዋ ናት። ታሪኳን ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ እንዲህ ይተርከዋል። አፖሎ የተባለው አምላክ ወደዳትና የፈለግሽውን ጠይቂኝ አላት። እሷም አፈር ዘግና፣ በእጄ ያለውን ቅንጣት ያህል ዓመት ልኑር አለችው። ሰጣት። ከዓመቱ ጋር ወጣትነት እንዲሰጣት መጠየቁን ግን ረሳችው። እሺ በዪኝና ወጣትነቱንም ልስጥሽ ቢላት እምቢ አለች። ስለዚህ አንድ ሺህ ዓመት እያረጀች፣ እየተጨማደደች፣ እያነሰች ትኖራለች። ሰውነቷ ጠፍቶ ማንም አያያትም፤ የሚቀራት ድምጿ ብቻ ነው።

ዶሜኒኪኖ ሸራ ላይ ያለችው ሴት ግን አሮጊት አይደለችም። ፊቷ የሞላ፣ ቆዳዋ የጠራ ወጣት ናት። ሥዕሉን ለዓመታት በስልኬ ሳየው ይህ ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል። ታሪኳን በደንብ የሚያውቅ ሰዓሊ ለምን እንዲህ ሳላት? መልሱን ሥዕሉ ፊት ቆሜ፣ ከዚያም እሷ ኖረችበት እስከተባለው ዋሻ ድረስ ሄጄ ልፈልገው ፈለግሁ።

ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነው። ሮም ከመጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ የምትተዳደረው አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከበች ነው። የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚያደርስ በቃሏ ታውቃለች። ቡና እያፈላች፣ «አንቺ ልጅ፣ ለአንድ ሥዕል ብለሽ ነው ይህን ሁሉ አገር የመጣሽው?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። የምትሄጂበት ቦታ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

ከሰዓት ቫቲካን ገባሁ። በሲስቲን ቤተ ጸሎት ጣሪያ ላይ ማይክልአንጀሎ ከ1508 እስከ 1512 ሲስል፣ ሰባት ነቢያትንና አምስት ሲቢላዎችን በተመሳሳይ ዙፋን ላይ አስቀምጧል። ኢሳይያስ፣ ኤርምያስ፣ ዳንኤል። በመካከላቸው ደግሞ የአሕዛብ ሴቶች። የኩማዋ እዚያ በእርግጥም አሮጊት ናት፤ ክንዷ ግን ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰው ክንድ ይመስላል። ሰዉ ብዙ ነው፤ አንገት ያማል። ብዙ አልቆየሁም። ከማይክልአንጀሎ በኋላ የመጡትን የባሮክ ዘመን ሰዓሊዎች፣ እነ ዶሜኒኪኖን ከማየቴ በፊት የእሷን እርጅና ማየቴ ግን ጠቅሞኛል።

ማክሰኞ፣ ቪላ ቦርጌዜ

የቦርጌዜ ሙዚየም እንደሌሎቹ ዝም ተብሎ የሚገባበት አይደለም። ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው፤ የሚፈቀደው ደግሞ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ቦርሳም ታች ይቀራል። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር። ከገባሁ በኋላ ግን ወደድኩት። አዳራሾቹ አይጨናነቁም፤ አንድ ሥዕል ፊት ቆሞ መቆየት ይቻላል።

ቤቱን ያሠራው ካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ ነው። የፖፕ ጳውሎስ 5ኛ የእህት ልጅ ነበር። አጎቱ ከ1605 እስከ 1621 በመንበሩ በተቀመጠበት ጊዜ ገንዘቡም ሥልጣኑም እጁ ገባ። ሁለቱንም ለሥነ ጥበብ ተጠቀመባቸው፤ አንዳንዴም ክፉኛ። ዶሜኒኪኖ «የዲያና አደን» የተባለውን ትልቅ ሥዕል ለሌላ ካርዲናል፣ ለፒዬትሮ አልዶብራንዲኒ እየሠራ ነበር። ሺፒዮኔ አየው፣ ፈለገው። ሰዓሊው የሰው አደራ ነው ብሎ እምቢ አለ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ የዘመኑ ሰዎች እንደሚተርኩት ሺፒዮኔ ሰዓሊውን ለጥቂት ቀናት አሰረውና ሥዕሉን ወሰደ። ክፍያው በ1617 ሲፈጸም ለዲያናና ለሲቢላ አንድ ላይ ነበር። ሁለቱም እስከ ዛሬ በዚሁ ቤት ናቸው።

ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት በቀራጺው በርኒኒ የተቀረጹት አፖሎና ዳፍኔ መንገዴ ላይ ነበሩ። እዚህ መቆም ግድ ነው። አፖሎ ዳፍኔን ሊይዛት ሲል ልጅቷ ወደ ዛፍ ስትለወጥ የሚያሳይ፣ በ1622 ተጀምሮ በ1625 ያለቀ እብነ በረድ። ጣቶቿ ቅጠል ሆነዋል፤ ቅጠሎቹ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፉ እስኪመስሉ ስስ ናቸው። ዳፍኔም እንደ ሲቢላ አፖሎን እምቢ ያለች ሴት ናት። ሁለት እምቢ ያሉ ሴቶች በአንድ ካርዲናል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ይህን ያሰበበት ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ አለፍኩ።

ከዚያ አየኋት።

ሸራው ትልቅ አይደለም። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ግድም ነው። ከወገቧ በላይ ትታያለች። ራሷ ላይ የምሥራቅ አገር ሰው የሚመስላት ጥምጥም አለ። ልብሷ የከበረ ነው፤ ጥልፉን አይቶ በእጅ መዳሰስ ያምራል። እጇ መጽሐፍና ጥቅል ብራና ላይ አርፏል። ከኋላዋ የትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ፣ የቪዮላ ዳ ጋምባ አንገት ይታያል። ዓይኗ ወደ ላይ ነው። ከንፈሯ ትንሽ ከፈት ብሏል።

ስልክ ላይ ያላየሁት ነገር ብራናው ላይ ነበር። የተጻፈው የሙዚቃ ኖታ ነው። በዚህ የተነሳ የሙዚቀኞች ጠባቂ የምትባለው ቅድስት ቼቺሊያ ናት ያሏት ሰዎችም ነበሩ። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዶሜኒኪኖ ራሱ ሙዚቃ አብዝቶ የሚወድ ሰው ነበር። በኋለኛው ዘመኑ የሙዚቃ መሣሪያ እስከ መንደፍና እስከ ማሠራት ደርሷል።

ሌላው የገረመኝ አቋሟ ነው። ይህች ሴት እየተናገረች አይደለም፤ እየሰማች ነው። ትንቢት ሲባል ሁልጊዜ የሚታየኝ የሚጮህ ሰው ነበር። ዶሜኒኪኖ የሳለው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ቅጽበት ነው። ቃሉ ገና እየመጣ ነው። የሁለት ሰዓቱ ደወል ሲደወል ገና እሷው ፊት ነበርኩ። የሰዓሊው ካራቫጆን ሥዕሎች እንኳ የማየው በጨረፍታ ሆነ፤ አልቆጨኝም።

ረቡዕ፣ ካፒቶሊኖ

ካፒቶሊኖ ኮረብታ ለሲቢላ ታሪክ እናት ቤት ነው ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልኩ።

ሮማውያን እንዲህ ይተርካሉ። አንዲት አሮጊት ወደ ንጉሥ ታርኩዊኒየስ ዘንድ መጥታ ዘጠኝ የትንቢት መጻሕፍት ልትሸጥለት ፈለገች። ዋጋው ተወደደበትና ሳቀባት። ሦስቱን እፊቱ አቃጠለችና ስድስቱን በዚያው ዋጋ አቀረበችለት። አሁንም እምቢ አለ። ሦስቱን ደግማ አቃጠለች። ንጉሡ ያን ጊዜ ደነገጠ፤ የቀሩትን ሦስቱን በዘጠኙ ዋጋ ገዛት። አሮጊቷ የኩማዋ ሲቢላ ነበረች ይላሉ።

ታሪኩ አፈ ታሪክ ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ ነበሩ። በግሪክኛ የተጻፉ ነበሩ፤ የሚቀመጡት በዚህ ኮረብታ ላይ በነበረው በጁፒተር ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። ጠባቂ ካህናት ተሹመውላቸዋል፤ በኋለኛው ዘመን ቁጥራቸው አሥራ አምስት ደርሶ ነበር። ማንም ተነስቶ ሊያነባቸው አይችልም። ወረርሽኝ ሲገባ፣ ጦርነት ሲበረታ የሮም ምክር ቤት ሲያዝ ብቻ ይገለጣሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ83 ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል አብረው ተቃጠሉ። ሮማውያን ግን አልተዉትም። መልእክተኛ ወደ ብዙ አገር ልከው የሲቢላ ቃል የተባለውን ሁሉ እንደገና አሰባሰቡ። አውግስጦስ ቄሣር ይህን ስብስብ ፓላቲኖ ኮረብታ ላይ ወዳለው የአፖሎ ቤተ መቅደስ አዛወረው። በመጨረሻ በአምስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ስቲሊኮ የተባለው የጦር አዛዥ አቃጠለው ይባላል።

የዚያ የጁፒተር ቤተ መቅደስ መሠረት ዛሬ በካፒቶሊኖ ሙዚየም ውስጥ በዓይን ይታያል። ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ግዙፍ የተጠረበ ድንጋይ ተደርድሯል። ብዙው ጎብኚ እዚያው ያለውን የማርቆስ አውሬሊዮስን የነሐስ ፈረሰኛ ሐውልት ፎቶ ያነሳና ያልፋል። እኔ ድንጋዮቹ ጋ ቆየሁ። መጻሕፍቱ እዚህ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ወደ ሥዕል ክፍሉ ወጣሁ። ፖፕ ቤኔዲክት 14ኛ በ1748 ያቋቋመው ነው። እዚህ ሁለት ሲቢላዎች አሉ። አንዷ ዶሜኒኪኖ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የሳላት የኩማዋ ሲቢላ ናት። ቆንጆ ናት፤ ግን የቦርጌዜዋን ያየ ሰው ልቡ እዚያው ይቀራል። ሁለተኛዋ በ1647 እና 1648 ጉዌርቺኖ የሳላት የፋርሷ ሲቢላ ናት። ለእሷ አልተዘጋጀሁም ነበር።

ጉዌርቺኖ፣ የእውነት ስሙ ጆቫኒ ፍራንቼስኮ ባርቢዬሪ፣ በ1591 ቼንቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ኃይለኛ ብርሃንና ጨለማ የሚያጋጭ ሰዓሊ ነበር። በዚሁ ሙዚየም ውስጥ ያለው፣ ቁመቱ ከሰባት ሜትር የሚበልጠው የቅድስት ፔትሮኒላ ሥዕሉ የዚያ ዘመኑ ነው። የፋርሷን ሲቢላ ሲስል ግን ወደ ስድሳ ዓመቱ እየተጠጋ ነበር፤ እጁ ረግቷል። ሴትዮዋ ራሷን በእጇ ደግፋለች። በሌላኛው እጇ ብዕር ይዛለች። መጽሐፉ ተከፍቷል። ወደ ሰማይ አታይም፤ ከራሷ ጋር ናት። የዶሜኒኪኖዋ ቃል የሚመጣላት ናት፤ የጉዌርቺኖዋ ደግሞ የመጣላትን ቃል እንዴት ልጻፈው ብላ የምታስብ። ለሚጽፍ ሰው ይህቺኛዋ ትቀርባለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁለቱ ሥዕሎች የቱ ይበልጣል ብትሉኝ ዛሬ ማታ መልስ የለኝም።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ የካራቫጆ «እጅ አንባቢዋ» አለች። ወጣቱን በፈገግታ እያየች፣ ዕድልህን ልንገርህ ብላ እጁን ይዛ ቀለበቱን ታወልቅበታለች። ከሲቢላዎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መሆኗ አሳሰበኝ። ሮም ውስጥ መጪውን አውቃለሁ የሚሉ ሴቶች ሁለት ዓይነት ሥዕል ነበራቸው። የጥንቷ ከሆነች ትከበራለች፤ የመንገድ ዳሯ ደሃ ከሆነች ሌባ ትባላለች።

ሲቢላዎችን ካርዲናሎች ለምን ወደዷቸው ለሚለው መልሱ ከሙዚየሙ ጎን ያለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሳንታ ማሪያ ኢን አራቼሊ ይባላል። 124 ደረጃዎች አሉት፤ በ1348 የተሠሩ ናቸው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው አውግስጦስ አምላክ ነህ እንበልህ ሲሉት ሲቢላን አማከረ። እሷም በሰማይ ላይ ሕፃን የታቀፈች ድንግል አሳየችው፤ ንጉሡም ተንበርክኮ መሠዊያ አቆመ። ከዚህ ሌላ ባለቅኔው ቨርጂል የኩማዋን ትንቢት ጠቅሶ ዓለምን የሚያድስ ሕፃን ይወለዳል ብሎ ጽፏል። ክርስቲያኖች ይህን ስለ ክርስቶስ ነው ብለው ተረጎሙት። ቅዱስ አውግስጢኖስም ሲቢላን በእግዚአብሔር ከተማ ውስጥ ከሚቆጠሩት ጋር ደምሯታል። በቃ፣ ሲቢላ በቤተ ክርስቲያን በር ገባች። ለካርዲናል ቤት ደግሞ ከዚህ የተመቸ ሥዕል የለም። ቆንጆ ሴት ናት፣ የከበረ ልብስ ለብሳለች፣ የጥንት ናት፤ ግድግዳ ላይ ብትሰቀል ግን ማንም አይነቅፍም። ጉዌርቺኖም የቦሎኛው ሰዓሊ ጉይዶ ሬኒም ሲቢላን ደጋግመው የሳሉት ፈላጊዋ ብዙ ስለነበረ ነው።

ሐሙስ፣ ቲቮሊ

አክስቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ በፌስታል ዳቦና ብርቱካን ይዛ ባቡር ጣቢያ ጠበቀችኝ። ቲቮሊ ከሮም በስተምሥራቅ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የጥንት ስሟ ቲቡር ነው። የራሷ ሲቢላ አላት፤ አውግስጦስን አነጋገረች የምትባለው እሷ ናት።

በገደሉ አፋፍ ላይ ሁለት ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ክብ ነው፣ አንዱ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኑን የሲቢላ ቤተ መቅደስ ይሉታል። ከሥራቸው የአኒዬኔ ወንዝ ይወረወራል። ወንዙ በ1826 ከተማዋን በጎርፍ ስለመታ ፖፕ ጎርጎርዮስ 16ኛ ተራራውን አስበስተው መንገዱን አስቀየሩት። ፏፏቴው የመጣው ከዚያ ነው፤ ከመቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። አክስቴ ከእኔ ቀድማ ወረደች።

ቲቮሊ የመጣሁት ለሥዕል አልነበረም። የእኛን አገር የሚነካ ነገር ስላለው ነው። የቲቮሊዋ ሲቢላ ትንቢት የሚባል ጥንታዊ ጽሑፍ አለ። የሮም መቶ ሽማግሌዎች በአንድ ሌሊት አንድ ዓይነት ሕልም ያያሉ፤ በሰማይ ላይ ዘጠኝ ፀሐይ። ፍቺው ሲጠፋቸው ሲቢላን ያስጠሯታል። ዘጠኙ ፀሐይ ዘጠኝ ትውልድ ነው ብላ አንድ በአንድ ትፈታላቸዋለች። ከነዚህ በአንዱ ክርስቶስ ከድንግል ይወለዳል። ይህ ታሪክ በአረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ ገብቷል። «ጥበበ ሳቤላ» ይባላል። ፈረንሳዊው ሬኔ ባሴ በ1900 ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ አሳትሞታል። እንግዲህ የሮም ካርዲናሎች በዘይት ቀለም ያስሳሏትን ነቢይት የእኛ ጸሐፍት በብራና ላይ ያውቋት ነበር።

ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። ብርቱካኑን መላጥ አቆመች።

«ጣዖት አምላኪ ሆና እንዴት ስለ ጌታ ትናገራለች?»

«በለዓምስ?» አልኳት። «አሕዛብ አልነበረም? ኮከብ ከያዕቆብ ይወጣል ያለው እሱ አይደል?»

ዝም ብላ አሰበች። ከዚያ፣ «ልክ ነሽ። እንዲያውም አህያዋ ናት ከሱ ቀድማ ያየችው» አለች። ብርቱካኑን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ሰጠችኝ። እስክንመለስ ድረስ ስለ ሳቤላ ስትጠይቀኝ ነበር። የማውቀው አለቀብኝ።

ዓርብ፣ ኔፕልስ

ፈጣኑ ባቡር ከሮም ኔፕልስ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ሻንጣዬን አስቀምጬ በቀጥታ ወደ ዋናው ካቴድራል ሄድኩ። ኩማ ከመውጣቴ በፊት ዶሜኒኪኖ የሞተበትን ሥራ ማየት ነበረብኝ።

ካቴድራሉ ውስጥ የቅዱስ ጄናሮ ጸሎት ቤት አለ። የከተማዋ ሕዝብ በ1527 ወረርሽኝና ጦርነት ሲያስጨንቀው የተሳለው ስለት ነው። የቅዱሱ የረጋ ደም በዓመት ሦስት ጊዜ ይቀልጣል ተብሎ የሚጠበቀው እዚህ ነው። ዶሜኒኪኖ ጸሎት ቤቱን እንዲስል ተቀጥሮ በ1631 መጣ። የኔፕልስ ሰዓሊዎች የውጭ ሰው ሥራችንን ወሰደብን ብለው ተነሱበት። የማስፈራሪያ ደብዳቤ ይደርሰው ነበር። ከእሱ በፊት የተጠሩ ሰዓሊዎችም በዚሁ ምክንያት ትተው ሄደዋል። በ1634 ሸሽቶ ወደ ሮም አካባቢ ሄደ። ሚስቱና ልጁ ግን ኔፕልስ ውስጥ ተይዘው ቀሩ። ስለ እነሱ ሲል ተመለሰ። በ1641 ጉልላቱን ሳይጨርስ ሞተ። መርዘውት ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ ሚስቱም እንዲያ ታምን ነበር። ጉልላቱን የሳለው ላንፍራንኮ ነው፤ የዶሜኒኪኖ የዕድሜ ልክ ተቀናቃኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ጉልላቱ ላይ ያለው የላንፍራንኮ ሰማይ በሰው የተሞላና የሚሽከረከር ነው። ከሥሩ በማዕዘኖቹ ላይ ያሉት የዶሜኒኪኖ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ እያንዳንዱ ሰው ቦታውን የሚያውቅ። በመዳብ ላይ የሳላቸው የመሠዊያ ሥዕሎችም አሉ። በፍርሃት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን እርጋታ ከየት አመጣው? ሮም ያየኋት ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷን ሲስል ገና ሠላሳ አምስት ግድም ነበር፤ የሚጠብቀውን አያውቅም።

ጸሎት ቤቱ ሲዘጋ ወጣሁ። ፒዛ በላሁ፤ ኔፕልስ ገብቶ እሱን መዝለል አይሆንም።

ቅዳሜ፣ ኩማ

ኩማ ለመድረስ ከሞንቴሳንቶ የሚነሳው የኩማና ባቡር አለ፤ ከዚያ አውቶቡስ ወይም እግር። ባቡሩ ቆይቶ መጣ። መስመሩ የሚያልፍበት አካባቢ ካምፒ ፍሌግሬይ ይባላል። ምድሩ ራሱ እሳተ ገሞራ ነው። ፖትዙዎሊ ላይ መሬቱ ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሰዉ ከመሬት መንቀጥቀጡ ጋር ይኖራል። ከኩማ አጠገብ ያለው አቬርኖ ሐይቅም እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው። የጥንት ሰዎች ወደ ሙታን ዓለም መግቢያው እዚያ ነው ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ኩማ ግሪኮች በኢጣሊያ ዋና ምድር ላይ ከመሠረቷቸው ከተሞች ቀዳሚ ናት፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዓመት የተቆረቆረች። ዛሬ የቀረው ኮረብታ፣ ፍርስራሽና ባሕር ነው። ትኬት ቆርጬ ስገባ ከእኔ ሌላ ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ።

«የሲቢላ ዋሻ» የሚሉት ከኮረብታው ሥር ነው። በለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ ረጅም መተላለፊያ ነው። ርዝመቱ 131 ሜትር፣ ቁመቱ አምስት ሜትር ያህል። ላዩ ጠበብ፣ መካከሉ ሰፋ ያለ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ቅርጽ ያለው መንገድ ሌላ ቦታ አላየሁም። በባሕሩ በኩል ተራ በተራ የተከፈቱ ጎኖች አሉት። ስለዚህ ስትሄዱ ብርሃን፣ ጨለማ፣ ብርሃን፣ ጨለማ ነው። መጨረሻው ላይ ክፍል አለ።

ያገኘው የሥነ ቁፋሮ ባለሙያው አሜዴዮ ማዩሪ ነው፣ በ1932። ቨርጂል መቶ አፍ፣ መቶ በር ያለው የሲቢላ ዋሻ ብሎ የጻፈው ይህ ነው ብሎ አወጀ። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙ አጥኚዎች ግን አልተቀበሉትም። ለከተማዋ መከላከያ ተብሎ የተሠራ ወታደራዊ ሥራ ነው ይላሉ። እኔ ይህን እያወቅሁ ነው የገባሁት። ማስረጃው ወደ እነሱ የሚያዘነብል ይመስለኛል። ቢሆንም ቨርጂል የጻፈው ይህን ኮረብታና ይህን ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ነው፤ ኔፕልስ የኖረና እዚያው የተቀበረ ሰው ነው።

ተማሪዎቹ እስኪያልፉ ጠብቄ መጨረሻው ክፍል ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ጥቂት ቃል ተናገርኩ። ድምፁ በመተላለፊያው ሄዶ በየክፍቱ እየተቆረሰ ተመለሰ። ያን ጊዜ የዶሜኒኪኖ የሙዚቃ ኖታ መጣብኝ። ሲቢላ በመጨረሻ የሚቀራት ድምጿ ነው። ሰዓሊ ደግሞ ድምፅ መሳል አይችልም። ሊሳል የሚችለው ድምፅ የሚወጣበት ነገር ነው፦ ኖታው፣ የመሣሪያው አንገት፣ ከፈት ያለው ከንፈር። ዶሜኒኪኖ የሳላት ገና ዓመቷን ያልቆጠረች፣ አፈሩን የዘገነች ልጅ ናት። ከእሷ የሚተርፈውን ግን አስቀድሞ እጇ ላይ አስቀምጦላታል። ወጣት ያደረጋት ታሪኳን ረስቶ አይደለም። ለእኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሰዎች ሌላ ሊሉ ይችላሉ።

ከዋሻው በላይ መንገዱ ወደ አፖሎ ቤተ መቅደስ ይወጣል። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር። ከዚያም ከፍ ብሎ የጁፒተር የሚባለው አለ፤ እሱም ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ የጥምቀት ገንዳው ዛሬም ይታያል። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር። ቨርጂል ሲቢላ ትንቢቷን በቅጠል ላይ ትጽፍ ነበር፣ ነፋስ ሲገባ ቅጠሉን ይበትነዋል፣ እሷም መልሳ አትለቅመውም ይላል። እዚያ ላይ ቆሞ ማስታወሻ ለመጻፍ የሞከረ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል።

እሑድ፣ ወደ ሮም

አክስቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ጠበቅኋት። ቄሱን ስለ «ጥበበ ሳቤላ» ጠይቃቸዋለች። ስሟን ሰምተዋል፤ መጽሐፉን ግን እጃቸው ላይ አላገኙትም። ታትሞ በአማርኛ ቢገኝ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በፓሪስና በቪየና ምሁራን እጅ ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል።

ለሚሄድ ሰው የምለው ይህ ነው። ቦርጌዜን ቀድማችሁ ያዙ፤ ሰኞ ዝግ ነው። ካፒቶሊኖ ላይ የቤተ መቅደሱን መሠረት ሳታዩ ወደ ሥዕሎቹ አትውጡ። ኩማ ሂዱ፤ ግን ጥሩ ጫማ አድርጉ፣ ባቡሩንም ጊዜ ስጡት።

ለእኔ የቀረኝ ለንደን ነው። ጉዌርቺኖ በ1651 የሳላት የኩማዋ ሲቢላ እዚያ ብሔራዊ ጋለሪ ውስጥ ናት። ሥዕሉን ያዘዘው ጁዜፔ ሎካቴሊ የተባለ የቼዜና ሰው ነበር፤ ከንጉሥ ዳዊት ሥዕል ጋር ጎን ለጎን ሊሰቅላት። የሜዲቺው ልዑል ማቲያስ ሰዓሊው ቤት ሲመጣ አያትና ወሰዳት። ጉዌርቺኖም ለሎካቴሊ ሌላ ሲቢላ፣ የሳሞሷን፣ ሳለለት። ያቺም ዛሬ እዚያው ጋለሪ ገብታለች። መግቢያው በነጻ ነው፤ ለንደን ያላችሁ ከእኔ ቀድማችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ።